«ስቶፕ» መቆም ከመሆኑ በፊት ውታፍ ነበር

ጥያቄው የመጣው ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የቧንቧ ሥራ ከሚሠራና ማታ ማታ እንግሊዝኛ ከሚማር ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «‹ስቶፕ› ማለት ‹መቆም› ነው ብዬ ነበር የማውቀው። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ግን ቀዳዳ መድፈን፣ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ፣ ቼክ ማገድ፣ ፌርማታ፣ አራት ነጥብ፣ የኦርጋን መሳቢያ፣ የካሜራ ብርሃን መለኪያ እያለ ይቀጥላል። አንድ ቃል ነው ወይስ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ብዙ ቃላት? አስተማሪያችን ሥሩ ከ‹ስታንድ› ጋር አንድ ነው ብሎናል፤ እውነት ነው? ‹ስቶፕ ስሞኪንግ› እና ‹ስቶፕ ቱ ስሞክ›ስ ለምን ተለያዩ? በመጨረሻ ደግሞ ውሃ የምንዘጋበትን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛም ጻፉ ተብለን ‹ዋተር ስቶፕ› ብለን ብንለጥፍ ተሳቀብን። ምን ማለት ነበረብን?»

ወንድሜ፣ የዘረዘርከው ሁሉ አንድ ቃል ነው። ከአስተማሪህ ጋር ግን አልስማማም። «ስታንድ»፣ «ስቴይ»፣ «ስቴሽን» በሩቁ የሚዛመዱ፣ ከመቆም ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። «ስቶፕ» በድምፅ ስለሚመስላቸው ከእነሱ ጋር መቁጠር ይቀናል፤ ዝምድና ግን የለውም። የእሱ የመጀመሪያ ትርጉም «ቆመ» ሳይሆን «ወተፈ» ነው። ይህን ከያዝክ መዝገበ ቃላቱ የተዘበራረቀ የመሰለህ ሁሉ መስመር ይይዛል።

የዘር ሐረጉን ብዙዎቹ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች እስከ ላቲኑ «ስቱፓ» ድረስ ይወስዱታል። ላቲኑም ከግሪክኛው «ስቱፔ» የተቀበለው ነው። ስቱፓ የተልባ ጭረት ነው። እኛ ተልባን የምንዘራው ለፍሬው ነው፤ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጾም ወራት በጥብጠን እንጠጣዋለን። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ግን ግንዱም ትልቅ ሀብት ነበር። ተዘፍዝፎ፣ ተቀጥቅጦና ተበጥሮ ክር ይወጣዋል። ረጅሙና ለስላሳው ክር ለበፍታ ይመረጣል፤ አጭሩ፣ ሻካራውና የተንጨባረረው ይቀራል። ያ ትርፍራፊ ነው ስቱፓ የሚባለው። ለልብስ ባይሆንም ስንጥቅ ለመድፈን የሚወዳደረው አልነበረም። በመርከብ ሳንቃዎች መካከል እየጠቀጠቁት በላዩ ቅጥራን ይለቀልቁበታል። ውሃ ሲያገኘው ያብጥና ክፍተቱን የባሰ ያጠብቀዋል።

መቼም ይህን ለአንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቧንቧ ጥርስ ላይ ቃጫ ጠቅልለህ መገጣጠሚያውን ስታጠብቅ የምትሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ ቃጫውም ውሃ ሲጠጣ አብጦ ያሽጋል። የጣሊያን ቧንቧ ሠራተኛማ ጥርሱ ላይ የሚጠቀልለውን ጭረት ዛሬም «ስቶፓ» ነው የሚለው። ተራው ሮማዊ ከዚህ ስም «ስቱፓሬ» የሚል ግስ፣ ማለትም «በጭረት መወተፍ» የሚል ቃል ሳያወጣ አልቀረም ይላሉ አጥኚዎች። የዛሬዎቹ ደቾች፣ ጀርመኖችና እንግሊዞች አያቶች ቃሉን ከሮማውያን ተቀበሉ። የለም፣ ጀርመናዊ ነው፣ ከላቲን አልመጣም የሚሉ ምሁራንም አሉ። እኔ ለላቲኑ አደላለሁ። ድምፁም ሥራውም እንዲህ ገጥሞ በአጋጣሚ ነው ቢሉኝ ለመቀበል ይከብደኛል።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ የሚገኘው «ፎርስቶፒያን» በሚል መልክ ነው። ከምሳሌዎቹ ሁሉ የምወደው በ10ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ከተጠናቀረ የመድኃኒት መጽሐፍ የተገኘው ነው። ስለ ጆሮ ሕመም ሲያዝ፣ መድኃኒቱን ካደረግህ በኋላ «ጆሮውን በሱፉ ወትፈው» ይላል። መንገደኛ አቁም አይልም፤ ሥራ አቁምም አይልም። ቀዳዳ አለ፣ ሱፍ አለ፣ መወተፍ አለ። ቃሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ከዚህ ብዙም አልራቀም። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት 26 ላይ ገልጠህ እይ። ፍልስጥኤማውያን የአብርሃምን ጉድጓዶች አፈር ሞልተው «ስቶፕ» አደረጓቸው ይላል፤ የእኛው «ደፈኑ» ነው። መዝሙር 58 ላይ ደግሞ ጆሮዋን የደፈነች እባብ አለች፤ እሷም ጆሮዋን «ስቶፕ» ያደረገች ናት። አንድ የእንግሊዝኛ ተማሪ «እባቧ ጆሮዋን አቆመች» ብሎ ቢተረጉም ዘፍጥረቱም መዝሙሩም ትርጉም ያጣሉ።

ታዲያ ከጆሮ ውታፍ ወደ መኪና ማቆም እንዴት ተሻገረ? ድልድዩ ፍሰት ነው። ቀዳዳ ስትደፍን የሚፈሰው ነገር ይቀራል። ስለዚህ ቃሉ ከቀዳዳው ወደሚፈሰው ነገር ሄደ፤ ውሃን፣ ደምን፣ ትንፋሽን «ስቶፕ» ማድረግ ይባል ጀመር። መንገድም እንደ ቧንቧ ሰው የሚፈስበት ነውና መንገድ መዝጋት፣ ቀጥሎም መንገደኛውን ራሱን መግታት መጣ። እንቅስቃሴን መግታት የሚለው ትርጉም በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ በግልጽ ይታያል። ማንም ሳይነካው በራሱ ቀጥ ለሚል ነገር መነገሩ ደግሞ ከዚያም የዘገየ ነው። አማርኛው የመጣበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። እኛ መጀመሪያ «ቆመ» አለን፤ በሁለት እግሩ። ከዚያ «አ» ጨምረን «አቆመ» እንላለን። እንግሊዞቹ በሌላው ላይ ከሚደረግ ድርጊት ተነስተው ነው በራስ ወደሚሆን ነገር የደረሱት።

ይህን መሻገር የሠራው እንግሊዝኛ ነው። የጀርመኑ ዘመዱ «ሽቶፕፈን» እስከ ዛሬ መጠቅጠቅና መወተፍ ላይ ነው። ካልሲ ሲቀደድ በክር ይሽቶፕፋል፤ ፒፓ በትምባሆ ይሽቶፕፋል። ፋርማሲ ገብተህ «ፈርሽቶፕፉንግ» ካልክ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው የሚሰጡህ። መኪና ለማቆም «ሽቶፐን» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ እሱ ከሰሜኑ ቀበሌኛ የመጣና እንግሊዝኛው ያበረታው ነው። ዛሬ ቃሉ ዓለምን የሚዞረው በዚህ በእንግሊዞቹ ትርጉም ነው።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ ከዚያው ስቱፓ «ኤስቱፔ» አሉ፤ መድፈን ማለት ነው። ፊት ላይ የገባችውን «ኤ» ልብ በላት። ልጆቻችን «እስቶፕ!» እያሉ ሲጫወቱ፣ እኛም «እስፖርት» እና «እስታዲየም» ስንል የምናደርገው ይኸው ነው፤ ሁለት ተነባቢ ፊት ላይ ሲገጥመን በር የምትከፍት አናባቢ እናስቀድማለን። ስለዚህ «እስቶፕ» ያለ ልጅ ላይ አትሳቅበት፤ ፈረንሳዮች ቀድመውታል። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝ ፍርድ ቤትም ገብቷል። «ኤስቶፐል» የሚባል የሕግ መርህ አለ። አንድ ሰው ቀድሞ በቃሉ ወይም በድርጊቱ ያሳመነውን ነገር፣ ሌላው ያንን አምኖ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ዞር ብሎ እንዳይክድ የሚከለክል ነው። ስሙ የመጣው የበርሜል ውታፍ ከሚባልበት የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሰውየው አፉ ተወትፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዝርዝርህ እንመለስ። የገንዘቡ ነገር ቀላል ነው፤ ገንዘብም ይፈሳል። ቼክ ስታሳግድ ባንኩ ላይ ፍሰቱን ትዘጋለህ፤ አሠሪ ከደመወዝ ላይ ሲያስቀር ወደ ኪስህ የሚመጣውን ይዘጋል። አራት ነጥብም እንዲሁ ቶሎ ይታለፋል፤ የንግግርን ፍሰት የሚዘጋ ምልክት ነው። እንግሊዞች «ፉል ስቶፕ» ይሉታል፤ አሜሪካኖች «ፒሪየድ» ማለት ይመርጣሉ። በቴሌግራም ዘመን ነጥብ በመንገድ እንዳይጠፋ ወይም በስህተት እንዳይነበብ ቃሉን ራሱን በፊደል ይጽፉት ነበር፤ የድሮ ፊልም ላይ «እናት ታማለች ስቶፕ ቶሎ ና ስቶፕ» ሲባል የሰማኸው እሱ ነው።

ኦርጋኑ ትንሽ ያደናግራል። የቤተ ክርስቲያን ትልቁ ኦርጋን በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ሊኖሩት ይችላል፤ ለአንተ የሙያ ዘመድ ነው። ቧንቧዎቹ በየድምፅ ዓይነታቸው ተመድበዋል፤ ለየምድቡ አየር የሚከፍትና የሚዘጋ እጀታ ከተጫዋቹ አጠገብ ተደርድሯል። እጀታው «ስቶፕ» ይባላል። ወደ ውስጥ ሲገፋ ምድቡ ዝም ይላል፤ ሲሳብ ይናገራል። ሁሉም ከተሳቡ ሕንፃው ይንቀጠቀጣል። «ስቶፖቹን ሁሉ ሳበ» የሚለው አነጋገራቸው ያለ የሌለ ኃይሉን አወጣ፣ ምንም አልቆጠበም ማለት የሆነው ከዚህ ነው። እኛ ዘንድ «ውታፍ ነቃይ» ስድብ ነው፤ እነሱ ዘንድ ውታፍን ሁሉ መንቀል ሙገሳ ሆነ።

የካሜራውን ነገር ሠርግ የሚያነሳ ፎቶግራፈር አግኝተህ ጠይቀው፤ «አንድ ስቶፕ ቀንስ» ሲል ብርሃኑን በግማሽ ቀንስ ማለቱ ነው። ሌንሱ ላይ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 ተብሎ የተጻፈውን ተመልከት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ባለፍክ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ያንሳል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው የሚጠበው ቁጥሩ አካፋይ ስለሆነ ነው፤ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው) ለእሱ ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት ይወጣል። ግን ለምን «ስቶፕ» ተባለ? ቀደም ባለው ዘመን በሌንሱ ውስጥ የሚከፈትና የሚጠብ ነገር በየካሜራው አልነበረም። መሃሉ የተበሳ ስስ ብረት ነበር የሚገባበት፤ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ሲፈለግ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይተካል። በ1858 እ.ኤ.አ. ጆን ዋተርሃውስ የተባለ እንግሊዛዊ በሌንሱ ጎን ባለች ስንጥቅ የሚሰኩ እንዲህ ያሉ ብረቶችን አስተዋወቀ፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ብረቷ ጠርዝ ጠርዙን ብርሃን ስለምትደፍን ውታፍ ናት። ውታፉ ከዘመናዊው ሌንስ ወጥቶ ስሙ መለኪያ ሆኖ ቀረ።

መዝገበ ቃላትህ ምናልባት አንድ ነገር ሳይነግርህ አልቀረም፤ ለእኔ ሙያ ግን ዋናው እሱ ነው። የድምፅ ጥናት ውስጥ «ስቶፕ» የምንለው አየርን አፍ ውስጥ ፈጽሞ ዘግተን የምናወጣውን ተነባቢ ነው። «ብ» ስትል ከንፈርህ ይዘጋል፤ «ት» ስትል ምላስህ ከጥርስህ ጀርባ ይጣበቃል፤ «ክ» ስትል የምላስህ የኋላ ክፍል ወደ ላይ ተነስቶ ይዘጋል። አሁን እጅህን አፍህ ፊት አድርገህ መጀመሪያ «ከ» ቀጥሎ «ቀ» በል። በ«ከ» ትንፋሽ ይሰማሃል፤ በ«ቀ» እምብዛም አይሰማህም፣ ይልቅ ፈንጠር የሚል ነገር አለው። ምክንያቱ «ቀ»፣ «ጠ» እና «ጰ» ላይ አየሩ በሁለት ቦታ መዘጋቱ ነው፤ አንዱ አፍ ውስጥ፣ ሌላው ጉሮሮ ላይ። በሁለቱ መካከል የታፈነው አየር ተጨምቆ ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛ እነዚህ በፊደሉ የሉትም። ፈረንጅ «ጠጅ»ን «ተጅ» የሚለው ሁለተኛውን ውታፍ ማስገባት ስለማይሆንለት ነው።

የመንገዱን ምልክት አልጠየቅከኝም፤ ግን ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ስለምትመላለስ ልጨምርልህ። የመጀመሪያው የ«ስቶፕ» ምልክት የቆመው አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ በ1915 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል፤ ነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ ነበር። ስምንት ማዕዘን እንዲሆን የተወሰነው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቅርጹ ከሌላው የተለየ ስለሆነ አሽከርካሪው ከሩቅም፣ ጽሑፉ ባይታየውም ያውቀዋል። ቀይ የሆነው ግን በ1954 ነው፤ እስከዚያ ቢጫ ነበር። በፀሐይ የማይደበዝዝ ቀይ ቀለም ለማግኘት ያን ያህል ጊዜ ፈጀ። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ፈረንሳይ ምልክቷ ላይ የእንግሊዝኛውን «ስቶፕ» ስትጽፍ፣ ካናዳ ያሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በኩቤክ «አሬ» ብለው በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ። ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የሚኖር ሰው ለቋንቋው የበለጠ ይጠነቀቃል መሰለኝ። የእኛው ላይ «ቁም» ተጽፏል፤ አጭር፣ እንደ ወታደር ትእዛዝ።

አውቶቡስ የሚቆምበትን ቦታ ግን «ቁም» አላልነውም፤ «ስቶፕ»ም አላልነውም። «ፌርማታ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ «ፌርማሬ» ከሚለው ግስ፣ እሱም በላቲን «ማጽናት» ከሚለው የመጣ። እንግሊዞች ከወተፉበት፣ ጣሊያኖች ካጸኑበት መጥተው አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ታክሲ ውስጥ ግን «ወራጅ አለ!» ነው፤ ስለ መኪናው መቆም ማንም አይናገርም፣ ስለሚወርደው ሰው ነው ወሬው።

«ስቶፕ ስሞኪንግ» እና «ስቶፕ ቱ ስሞክ» ተማሪን የሚያስለቅሱት በከንቱ ነው። አማርኛችን ለይቶ ጨርሶታል። የመጀመሪያው «ማጨስ አቆመ» ነው፤ ሲጋራ ተወ። ሁለተኛው «ሊያጨስ ቆመ» ነው፤ መንገድ ላይ ነበር፣ ሲጋራ ለማቀጣጠል ቆም አለ። በአማርኛ «ማጨስ» የሚመጣብህ ከሆነ «ስሞኪንግ»፣ «ሊያጨስ» የሚመጣብህ ከሆነ «ቱ ስሞክ» በል፤ አትሳሳትም። የሚያስቸግርህ ሌላው ነው። እንግሊዝኛ ሁሉን በ«ስቶፕ» ሲጠቀልል አማርኛ ለየነገሩ የየራሱን ግስ ይመድባል። ዝናብ ያባራል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ሥራ ይቋረጣል፣ ሕፃን ጡት ይጥላል፣ ወሬ ይተዋል። ከእንግሊዝኛ ስትተረጉም ሁሉን «አቆመ» ካልክ የተተረጎመ መሆኑ ከሩቅ ይሸታል። የድሮ እንግሊዞችም «ስቶፕ» ሳይስፋፋ ሌሎች ቃላት ነበሯቸው፤ እሱ እየሰፋ ሲመጣ አንዳንዶቹ ተረሱ።

የማስታወቂያውን ነገር ላብራራ። «ዋተር ስቶፕ» ሰዋስው የጎደለው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ነገር ማለት ነው። ሁለት ስሞች እንዲህ ሲጣመሩ «ባስ ስቶፕ» እንደሚባለው ሆነው ይነበባሉ። በእንፋሎት ባቡር ዘመን «ዋተር ስቶፕ» ባቡሩ ውሃ ለመሙላት የሚቆምበት ጣቢያ ነበር። እናንተ ውሃ የለም ልትሉ ፈልጋችሁ፣ ውሃ እዚህ ይቀዳል የሚል ለጥፋችኋል። ኮንስትራክሽን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል፤ የምድር ቤት ወይም የውሃ ታንከር ኮንክሪት ሲሞላ በመጋጠሚያው ውስጥ የሚቀበረው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብ «ዋተር ስቶፕ» ይባላል። ውሃ ሰርጎ እንዳይገባ ይወትፋል፤ የሮማውያኑ መርከብ ላይ ስቱፓ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው።

«ዘ ዋተር ዊል ስቶፕ» ብትሉም ደስ አይልም፤ ውሃው በራሱ ፈቃድ የሚቀር ይመስላል። የምትዘጉት እናንተ ናችሁና «ዘ ዋተር ዊል ቢ ተርንድ ኦፍ» ይሻላል። በር ላይ ለሚለጠፍ ደግሞ አጭሩ ይበቃል፦ «ኖ ዋተር ኦን ሳተርዴይ፣ 9 ኤ ኤም ቱ 12 ኑን። ፓይፕ ሪፔር።» ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቅ። አማርኛው ላይ «ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት» ብለህ እንግሊዝኛው ላይም ያንኑ 3 እና 6 ከገለበጥክ፣ እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ተከራይ ውሃው ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ መስሎት ጀሪካኑን እኩለ ቀን ላይ ሊሞላ ያስባል፤ ያን ጊዜ እናንተ ዘግታችሁ ሦስት ሰዓት ሆኗችኋል።